ዘመድ እንዳያየው የተከፈተ ገጽ

ጥር 6

ለውድ የእህቴ ልጅ ለፌንጣ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽስ እንዴት ናት? ወገቧን አሁንም ያማታል? ትምህርትሽስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዕድሜና ጥበብ ይስጥሽ፤ ከሁለቱም አስቀድሞ ግን ዝም ማለትን ይስጥሽ። ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

በኢሜይል የጻፍኩልሽ እናትሽ የስልክሽን መልእክት ሁሉ እንደምታገላብጥ ስለማውቅ ነው። «ኢሜይል ግን የቤት ሥራ ይመስላታል» ብለሽኝ ነበር። እንግዲያው የቤት ሥራ ልስጥሽ።

የምሠራበት ላብራቶሪ ተዘጋ። ባለቤቱ አረጀና ለአንድ ትልቅ ድርጅት ሸጠው፤ ድርጅቱ ደንበኞቹን እንጂ እኛን አልፈለገንም። ጠረጴዛዬን አጽድቼ፣ ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ ሌላ ሥራ ካላገኘሁ ሻንጣዬን ይዤ መምጣቴ ነው። መምጣቱን አልጠላውም፤ ተባሮ መምጣት ግን ሌላ ነው።

የሥራ አፈላላጊ ቢሮ ሄጄ ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ ከጫማዬ በዕድሜ ታንሳለች። «ፕሮፋይልህ የታለ?» አለችኝ። ፓስፖርቴን ሰጠኋት። ሳቀች። ለካ በኢንተርኔት ላይ ሠራተኛና ቀጣሪ የሚተዋወቁበት ገጽ አለ፤ እዚያ ላይ የሌለ ሰው ገና እንዳልተወለደ ይቆጠራል። አንቺ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ እጅሽ እየበላሽ በሌላው ትጨርሽዋለሽና፣ እባክሽ ክፈችልኝ።

ማንም እንዳይሰማ። በተለይ እናትሽ፣ እትዬ።

አጎትሽ

ጥር 7

ለክቡር ጋሼ ዶክተር፣

ጤናዬ ደህና ነው። የእማዬ ወገብም ደህና ነው፤ የሚያማት ዕቃ የሚታጠብ ሲኖር ብቻ ነው። ትምህርቱ አለ። ናፍቆቱም አለ። ምርቃትህ ደርሶኛል፤ ዝም ማለቱ ግን መንገድ ላይ ሳይቀር አልቀረም። ይኸው፣ ሰላምታ ማለት እንዲህ ነው ጋሼ፤ ያንተን ሰላምታ አንብቤ ስጨርስ እኮ ራበኝ።

ፓስፖርቱ ላይ ስቄ ልሞት ነበር። ከዚያ ተመልሼ «ግንቦት» የሚለውን ሳነበው ሳቄ ቆመ። ስለዚህ ገጹን ዛሬውኑ ከፍቼዋለሁ።

ችግር አንድ፦ ፎቶህ። ቤት ያገኘሁት ዘመድ ሠርግ ላይ የተነሣኸውን ነው። አጠገብህ የቆመችውን ሴት ቆርጬ ባወጣትም እጇ ትከሻህ ላይ ቀርቷል። ቀጣሪው «ባለ ሦስት እጅ ነው፤ ሥራ ያፋጥናል» ካላለ በቀር አያዋጣም። ግድግዳ ፊት ቁምና ሌላ ተነሣ። ፈገግ በል። የራስህን ጥርስ የደበቅክ የጥርስ ዶክተር ማን ያምናል?

ችግር ሁለት፦ «ስለ ራስህ» የሚል ቦታ አለ። እሱን አንተ ጻፍልኝ። ፎክር ጋሼ! እዚህ ሁሉም ይፎክራል። ሻይ ቤት ሁለት ወር የሠራ አንድ የሰፈር ልጅ አለ፤ ራሱን «የደንበኞች እርካታ መሪ» ብሎታል። ሁለት ጊዜ ሻይ ደፍቶብኛል።

ከስምህ ሥር ለጊዜው «የጥርስ ሐኪም፣ የረጅም ዓመት ልምድ ያለው» ብዬአለሁ።

ፌንጣ

ጥር 15

ለውድ ፌንጣ፣

ሰላምታ አሳጥር ስላልሽኝ አሳጥሬአለሁ፤ ደስ ግን አላለኝም። ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ ጉዳይ እንደመናገር ነው።

ያዘዝሽኝን ጽፌአለሁ፦ «ከጥርስ ጋር በተያያዘ ትንሽ ትንሽ ሥራ እሞክራለሁ። ጉድለቴ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ካዘዙኝ አልለግምም።» ከዚህ በላይ ከአፌ አይወጣም። ራሱን የሚያወድስ ሰው ሌላ የሚያወድሰው ያጣ ነው።

አሁን «ሐኪም» የሚለውን አጥፊልኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የጥርስ ቴክኒሻን ነኝ። ሐኪሙ የታካሚውን አፍ ልክ ይወስዳል፤ ልኩ በሣጥን ይመጣልኛል። በሰም እቀርጸዋለሁ፣ ከቀሩት ጥርሶቹ ጋር ቀለሙን አመሳስዬ እሠራለሁ፣ በሣጥኑ መልሼ እልካለሁ። ሰውየውን በድዱ እንጂ በፊቱ አላውቀውም።

ዶክተርነቱ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ቀን በስልክ እያወራን እናትሽ ለደንበኛዋ «ወንድሜ እኮ ነው፣ የጥርስ ዶክተሩ!» ስትል ሰማኋት። ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። አላረምኳትም። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ ዶክተር ይለኛል። ገጹ «ቴክኒሻን» ካለ ደግሞ ውሸታም የምትባለው እትዬ ናት። ስለዚህ የምንደብቀው አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፤ ሥራ ማጣቴንና ሥራዬን።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ያጎቴ ልጅ፣ እዚሁ አገር ሌላ ከተማ የሚኖረው አውቶቡስ ነጂው፣ ዳኛው የምንለው፣ «እንተዋወቅ» የሚል ጥያቄ ልኮልኛል! አብረን እንዳላደግን! ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሰው በተኮራረፈ ቁጥር ሳይጠሩት መጥቶ የሚፈርድ ሰው ነው። እሱ አየው ማለት ዓለም አየው ማለት ነው። ዘመድ እንዳያይ ማድረግ ይቻላል?

አጎትሽ

ጥር 24

ለጋሼ ቴክኒሻን፣

የዘገየሁት በፈተና ነው። አትጠይቀኝ።

እማዬ የሥራ ገጽህን ኢንተርኔት ሳይገባ በፊት በአፏ ከፍታልህ ነበር ለካ! ያውም ከኔ የተሻለ ፎክራልሃለች። «ሐኪም» የሚለውን «የጥርስ ቴክኒሻን» አድርጌዋለሁ፤ «ጉድለቴ ብዙ ነው» የሚለውን ደግሞ ሠርዤዋለሁ። ያንን ጽፈህ ሥራ የሚሰጥህ ገዳም ብቻ ነው። በምትኩ እንዲህ ብዬአለሁ፦ «የፊት ጥርስ በእጅ እሠራለሁ። የሠራሁት ጥርስ ከባለቤቱ ጥርሶች መሐል ተለይቶ አይታወቅም።» ውሸት ካለው ንገረኝ። ፉከራ ካለው አትንገረኝ።

ዘመድን በተመለከተ፣ ብሎክ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ በአንድ ግን ነው። እኔ ደግሞ ግማሹን በስሙ አላውቀውም። እና እማዬ ሱቅ ሄጄ፣ መጋረጃ ከምትቆርጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ዘመዶቻችንን ንገሪኝ እስቲ። ከነስማቸው።»

መቀሷን አስቀመጠች። «ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ሥሬን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ጋሼ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ይቺ ልጅ ከስልኳ ሌላ ዘመድ የላትም ብዬ ነበር!» አለችና ጀመረች። እሷ «እሱ ደግሞ የአያትሽ የወንድም ልጅ፣ ጨዋ ሰው» ስትል እኔ ከጠረጴዛው ሥር፣ ብሎክ። «ይቺ ሕፃን ሆነሽ አዝላሻለች፣ ነፍሷ ነበርሽ!» ብሎክ። «እነሱ እንኳ ትንሽ ይኮራሉ፤ ቢሆንም ደም ነው።» ብሎክ፣ ብሎክ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ተሳስመን አናውቅም።

ጋሽ ዳኛውን ከሁሉ በፊት ነው ያገድኩት። እማዬ ራሷ ገጽ የላትም።

ካልሸጥካቸው ጥርሶች ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ሰው ማየት ይፈልጋል።

ፌንጣ

የካቲት 20

ለውድ ፌንጣ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤው የዘገየው የምጽፈው ደስ የሚል ነገር እስካገኝ ስጠብቅ ነው። አላገኘሁም፤ ዝም ብዬ ጻፍኩ።

ገጹን በየቀኑ እከፍተዋለሁ። «ፕሮፋይልዎን አንድ ሰው አይቶታል» ይላል። ያች የቢሮዋ ልጅ ናት። ቀጥሎ አንድ ሰው «ግንኙነታችንን እናጠናክር» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ ብሎኝ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ጠይቄ ረጅም መልስ ሰጠሁት። ለካ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ልጆቹ ግን ደህና ናቸው።

በእግሬም እየዞርኩ ነው። ሁለት ላብራቶሪ ሄድኩ። አንዱ ጋ ማሽን ጥርስ ሲጠርብ አሳዩኝ፤ ለመንጋጋ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ሌላው ጋ ከበር የተቀበለኝ ወጣት «ገጽህን እናያለን» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ፎቶዎቹን ልኬአለሁ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ሹራቤን አንጥፌ ነው ያነሣኋቸው። ሦስተኛው ላይ ያለው ጥርስ ጠርዙ በላ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ስህተት እንዳይመስልሽ። ባለቤቱ ሲጋራ አጫሽ ነበር፤ ጎረቤት ጥርሶቹን እንዲመስል ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው። አንቺን ስለማውቅሽ፣ ነጭ አድርገሽ እንዳታስተካክይው።

እትዬ ትናንት ደውላ «ሥራ እንዴት ነው?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። ሥራ በዓለም ላይ አለ፤ አልዋሸሁም።

አጎትሽ

መጋቢት 17

ጋሼ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እከፍልሃለሁ። ጉድ ፈልቷል።

ፎቶዎቹን ለጥፌአለሁ (ሦስተኛውን ነጭ አድርጌው ነበር፤ ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ መለስኩት)። ጉዱ ግን ሌላ ነው። ጋሽ ዳኛው «ያ ዶክተር ጥያቄዬን ሳይቀበል ቀረ» ብሎ ሊያይህ ቢፈልግህ ከመሬት ጠፋህ። ልጁን «እስቲ ባንተ ስልክ» አለው፤ በልጁም የለህም። በልጁ ጓደኛ ስልክ ግን አለህ! ዝርዝሩን ሳያይ ዘጋውና ለእማዬ ደወለ። ሱቅ ነበርኩ፤ እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር በድምፅ ማጉያ ነው ያነሣችው።

«ወንድምሽ አገደኝ።»

«ከምኑ?»

«ከኢንተርኔት!»

«አንተን ነው ወይስ ሁላችንንም?»

ይኼን ባትጠይቅ ምን ነበረበት! በሁለት ቀን ውስጥ ዘመድ በሙሉ ስልኩን ፈተሸ። ሁሉም ታግዷል። ከዚያ፣ ጋሼ፣ ያላሰብኩት ነገር መጣ፤ ሁሉም «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ይላል። ያዘለችኝ ሴትዮ «ከልጄ ሠርግ ጥሪ ስሙን ረስቼ ነው፤ ይኼው ቂሙን አወጣው» ብላ አለቀሰች። እነዚያ ኩሩዎቹ እንኳ «ሻንጣውን መልሱልኝ ብሎ ነበር» ብለው ሻንጣ ይዘው መጡ። ሻንጣህ አሁን ሱቅ ውስጥ ነው።

እማዬ ደግሞ ጨርቅ ትለካለች፤ መልሳ ትለካለች። ማታ «ምን አድርጌው ይሆን?» አለችኝ። ልናገር ምንም አልቀረኝም ነበር። ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። ያ የመረቅከኝ ዝምታ ዘግይቶ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

የዘመድ ጉባኤው በስልክ ተቀምጦ ወሰነ፤ አስታራቂ ይላክ። ጋሽ ዳኛውና ሚስቱ ቅዳሜ በባቡር አንተ ጋ ይመጣሉ።

ፌንጣ

መጋቢት 17፣ ከሰዓት

አስቁሚያቸው። ታሟል በያቸው። ቤት ቀይሯል በያቸው። የፈለግሽውን በያቸው።

አጎትሽ

መጋቢት 18

ጋሼ፣

«ታሟል» ብል ሁሉም ይመጣል። ቲኬቱ ተቆርጧል። ወንበር አለህ? አንድ ብቻ ከሆነ ከጎረቤት ተዋስ።

ፌንጣ

መጋቢት 25

ለውድ ፌንጣ፣

እንደምን አለሽ? የሆነውን በተራ ልንገርሽ።

መጡ። ዳኛው ሱፍ ለብሷል። ሚስቱ ከኋላው ፍራፍሬ ይዛለች። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ቆመና ንግግር ጀመረ፦ «እኛ የመጣነው ጥፋቱ የማን ነው ለማለት አይደለም። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ይቅር በለን!» ከዚያ በየተራ የእያንዳንዱን ዘመድ ይቅርታ ያቀርብ ጀመር። ሻንጣው ላይ ሲደርስ መቋቋም አቃተኝ።

«ማንም አልበደለኝም» አልኩት። «ሥራዬን አጣሁ። እንዳታዩኝ ነው።»

ተቀመጠ። «ይኼን ለመደበቅ ነው ዘመድ በሙሉ ያገድከው?»

«አዎ።»

«ሰው አንድ ቀዳዳ ለመሸፈን ሰማዩን በሙሉ ይጋርዳል እንዴ!» አለና ሳቁ መጣበት። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። የሥራ ልብሴ በሩ ላይ ተሰቅሎ ታየዋለች። «የሰም ነው ይኼ ነጠብጣብ?» አለችኝ። ዶክተር ሰም ምን ያደርግለታል? እውነቱን ነገርኳት።

ፌንጣ፣ ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሣች። «አንተ ጥርሱን ራሱን ነህ የምትሠራው? ነቃዩ አይደለህም?»

«ሠሪው ነኝ።»

«እኔ እኮ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ነው የምሠራው! የምንልክለት ላብራቶሪ ዋናው ሠራተኛ በጡረታ ከወጣ ወዲህ የፊት ጥርስ በጊዜ አይደርስም። በየጠዋቱ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው የሚጮኹብኝ እነማን ይመስሉሃል? የላብራቶሪው ሰዎች ሠራተኛ ጠፋ እያሉ ሲያለቅሱ አንተ እዚህ ተቀምጠሃል!» ወደ ባሏ ዞረች። «ዶክተር ነው አላችሁኝ እንጂ! ለዶክተር ሥራ እኔ ነኝ የምፈልግለት?»

እዚያው ቆማ ለላብራቶሪው ባለቤት ደወለች። ሰውየው «ገጽ ካለው ላኪልኝ» አላት። ላከችለት፤ በዳኛው ስልክ አልከፈት ስላላት በኔ። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያለው ጥርስ ጠርዙ ሆን ተብሎ ነው የተበላው?»

ሰኞ ለሙከራ እሄዳለሁ። ዳኛው ለእትዬ እኔው እነግራታለሁ ብሏል። እኔ መናገር ነበረብኝ፤ ድምፄን አላመንኩትም።

አጎትሽ

መጋቢት 27

ለጋሼ፣

ጋሽ ዳኛው ደወለ። በድምፅ ማጉያ አይደለም፤ እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከመጋረጃዎቹ ኋላ ገባች። ስትወጣ እኔን አየችኝ። «ሥርሽን ማወቅ ፈልገሽ ነው፣ አይደል?» አለች። ዕቃ ማጠቡ ለጊዜው የማያልቅ ቅጣት ሆኖ ተፈርዶብኛል።

ከዚያ ልጠይቃት ግድ ሆነብኝ። «ቴክኒሻን መሆኑን አታውቂም ነበር?»

«እኔ! ወንድሜን!» አለች። «የመጀመሪያውን ደመወዙን ያገኘ ቀን የነገረው ለኔ ነው። ቴክኒሻን ብል ሬዲዮ ጠጋኝ ይመስላቸዋል ብዬ ነው።»

ጋሼ፣ ታውቅ ነበር። አንተ ለሷ ትደብቃለህ፣ እሷ ላንተ ትፎክራለች፤ መሐል ላይ ብሎክ የማደርገው እኔ! ትልቅ ሰው ስሆን እንደናንተ እንዳልሆን አስቤበታለሁ።

የጋሽ ዳኛው ሚስት ያለችውን ስነግራት ግን፣ «ዶክተር ነው አላችሁኝ እንጂ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሱቁን ሰዓቱ ሳይደርስ ዘጋች።

ሁሉንም ዘመድ ፈትቼአለሁ። ሙከራው እንዴት ሆነ?

ፌንጣ

ሚያዝያ 9

ለውድ ፌንጣና ለውድ እትዬ፣

ሁለታችሁም እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

ተቀጠርኩ። ሙከራው አንድ የፊት ጥርስ ነበር። የላብራቶሪው ባለቤት ጥቂት የሚናገር ሰው ነው፤ ጥርሱን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየውና «ጠረጴዛህ ያ ነው» አለኝ። የፈቃዴ ወረቀት ትናንት ገባ። ከዳኛው ቤት አጠገብ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ እየመጣ በጎረቤቶቼ ላይ ይፈርዳል።

የቢሮዋን ልጅ ላመሰግን ሄጄ ነበር። «አየህ፣ ገጹ ረዳህ!» አለችኝ። ዳኛው ደግሞ «ዘመድ ነው እንጂ የረዳህ!» ይላል። እኔ እንጃ። ሴትዮዋ ባትደውል ገጹን ማንም አያየውም ነበር፤ ገጹ ባይኖር ደግሞ ስልኩ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። አንቺ ፍረጂ። ብቻ «ሥራ ፈላጊ» የሚለውን አንሺልኝ።

እትዬ፣ ተቆጥተሽኛል?

አክባሪ ወንድምሽ

ሚያዝያ 12

ለጋሼ፣

«ሥራ ፈላጊ» ተነሥቷል። ፍርዱን ለጋሽ ዳኛው ትቼዋለሁ፤ እንጀራውን አልነካበትም።

እማዬ ተቆጥታ እንደሆነ ጠይቀሃል። ትናንት ማታ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «ገጽ ክፈችልኝ» አለችኝ። ከፈትኩላት። ሥራ በሚለው ቦታ «መጋረጃ ሰፊ» ብላለች፤ «የቤት ውስጥ ውበት አማካሪ እንበል?» ብላት በመቀሱ እጀታ ነካ አደረገችኝ። ከዚያ ያንተ ገጽ ላይ ሰው ስለ ሰው የሚመሰክርበትን ቦታ አሳየኋት።

«ጻፊ» አለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብላ ነው የተናገረችው። ቃሏን ሳልነካ ይኸው፦

«ይህን ሰው ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የጥርስ ዶክተር ነው ብዬ ለብዙ ሰው የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዶክተር አይደለም። የጥርስ ቴክኒሻን ነው፤ ጥርስ በእጁ ይሠራል። ይህን አስቀድሜ ብናገር ሥራ ቶሎ ያገኝ ነበር። እህቱ።»

«እማዬ፣ የሱቁ ደንበኞችም ያዩታል እኮ» አልኳት።

«ዘመድስ?»

«ሁሉም። ፈትቻቸዋለሁ።»

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«እንግዲያው ላኪው።»